ስላልኖረ ጀግና አርአያነት

ዘንዶ የሚገድል፣ ወደ ጨለማ አገር የሚዘልቅ፣ በደራሲ ኅሊና እንጂ በሥጋ ያልተወለደ ጀግና ለሰው ልጅ የምግባር አርአያ ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው የሕፃናት ጨዋታ ቢመስልም ስለ እውነት ባሕርይ የሚያነሣው ነገር ጥልቅ ነው። በገድለ ቅዱሳን ያደገ ሰው፣ የምንከተለው ሰው በእውነት የኖረ፣ የተራበና የተጠማ፣ ላመነበትም ደሙን ያፈሰሰ መሆን አለበት ይላል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ከተረት እንዲርቅ ማስጠንቀቁን በማስረጃነት ይጠቅሳል።

ይሁን እንጂ ሐዋርያው የነቀፈው በትምህርተ ሃይማኖት ወንበር ላይ ሊቀመጥ የሚሻውን ተረት ነው እንጂ፣ ተረትነቱን ሳይሸሽግ ምግባርን የሚያስተምረውን አይደለም። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ስለ ኦርዮ ሚስት ሊገሥጸው በገባ ጊዜ ኃጢአቱን በስሙ ጠርቶ አልጀመረም፤ ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ ነጥቆ ለእንግዳው እንዳረዳት ነገረው፤ ዳዊትም ሁለቱ ሰዎች ከነቢዩ ቃል በቀር በምድር ላይ አለመኖራቸውን ሳያውቅ በባለጠጋው ላይ ሞት ፈረደ። በገዛ ነገሩ ተጠይቆ ቢሆን ሥልጣኑና ኀፍረቱ ምክንያት ባቀረቡለት ነበር፤ ባልኖረ ሰው ላይ ሲፈርድ ግን ፍርዱ ከአድልዎ ነጻ ሆነ። ጌታችንም ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ የመለሰለት በምሳሌ ሲሆን፣ እንዲመስለው ያዘዘውም ስሙ እንኳ ያልተጠራውን የምሳሌውን ሳምራዊ ነው።

የአገራችን ሊቃውንትም ይህን መንገድ ያውቁት ነበር። በታሪክ የሚታወቀው የመቄዶንያው እስክንድር፣ 33 ዓመት ሳይሞላው በ323 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በባቢሎን የሞተ ድል አድራጊ ሲሆን፣ በጦር ሜዳ ሕይወቱን ያዳነለትን ወዳጁን ክሊጦስን በስካር ተነሣሥቶ በገዛ እጁ በጦር ወግቶ ገድሏል። ዜናው በዐረብኛ በኩል አልፎ ወደ ግእዝ በተመለሰ ጊዜ ግን፣ እስክንድር እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ንጽሕናውን የሚጠብቅ፣ ከውጊያ አስቀድሞ የሚጸልይ፣ ጎግና ማጎግንም በበር የሚዘጋ ጻድቅ ንጉሥ ሆኖ ተገኘ። እንዲሁም እጨጌ ዕንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1553፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው መጽሐፈ በራላም ወየዋስፍ፣ ሥሩ ከሕንድ የቡድሃ ታሪክ የመነጨ ሆኖ ሳለ፣ መንግሥቱን ትቶ የመነነውን ልዑል የዋስፍን የምናኔ ምሳሌ አድርጎ ለአንባቢ አቅርቧል። የእነዚህ መጻሕፍት ትርፍ አንባቢው ከሜዳው ድል ይልቅ በገዛ ፈቃድ ላይ የሚገኘውን ድል እንዲመኝ ማድረጋቸው ነው።

የኖረው ጀግና ያለበትን ሸክም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወልድያና በደሴ መካከል ባለው ጎዳና ላይ የተቀመጠችው መርሳ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት፤ አገሩም የጥንቱ የጁ ነው። ከየጁ ተነሥተው በጎንደር ነገሥታቱን ሲያነግሡና ሲሽሩ የኖሩት እነ ትልቁ ራስ ዓሊና ራስ ጉግሣ፣ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃች ካሣ ድል እስከ ሆኑት እስከ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ድረስ፣ በአንዱ አፍ የአገር ኩራት ሲሆኑ በሌላው አፍ ዙፋን ያዋረዱ ተብለው ይወቀሳሉ። ስለዚህ የመርሳ ወጣት ከእነርሱ አንዱን አርአያ ቢያደርግ ከጀግንነቱ ጋር ወገኑንና ባላንጣውን፣ ቂሙንም ጭምር ይወርሳል። ያልኖረው ጀግና ግን ዘር የለውም፣ ርስት አይጠይቅም፣ ያስለቀሰው ወላጅ አልባም የለም፤ በአንድ ወንበር የተቀመጡ ክርስቲያንና ሙስሊም ተማሪዎች ወገን ሳይለዩ ሥራውን ብቻ ሊመዝኑ ይችላሉ። ሙስሊሙ በቁርኣን በአል-ከህፍ ምዕራፍ የሚያነበው የዙልቀርነይን ታሪክ ለእርሱ የአምላክ ቃል ነውና ከልብ ወለድ ጋር አልደምረውም፤ ሆኖም የእጁጅንና መእጁጅን፣ ማለት ጎግና ማጎግን፣ በብረትና በቀለጠ መዳብ የከለከለው ያ ኃያል ሕዝቡ ያቀረበለትን ዋጋ አለመቀበሉን ሲማር፣ ኃይል ያለው ሰው ራሱን ይገዛ ዘንድ እንደሚገባው ጎረቤቱ ከግእዙ እስክንድር የሚማረውን ይማራል።

በዘመናችንም እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 እና በ1955 ባሳተመው ድርሰቱ የፈጠረው ፍሮዶ የክፋትን ቀለበት ሊያጠፋ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት መጣል አቅቶት ይሸነፋል፤ ቀለበቱም የሚጠፋው ፍሮዶ አስቀድሞ በራራለት፣ ጎሉም በተባለ ፍጡር እጅ ነው። የሰው ኃይል ብቻውን እንደማይበቃና ምሕረት ከንቱ ሆና እንደማትቀር ይህን ያህል ግልጥ አድርጎ የሚያሳይ የዜና መዋዕል ገጽ ብዙ አይገኝም፤ ታሪክ ጸሐፊ የሰውን ገቢር ሲጽፍ ኃልዮውን ግን በግምት እንጂ አያገኘውምና።

ይህን ሁሉ ስል ግን ልብ ወለዱን ከሰማዕታት ጋር ማስተካከሌ አይደለም። ሰማዕት በጎነት በዚህች ምድር፣ በዚህ ደካማ ሥጋ የሚቻል መሆኑን ያረጋግጣል፤ ልብ ወለድ ግን የበጎነትን መልክ ከማሳየት አልፎ መቻሉን ሊመሰክር አይችልም። እንግዲህ ሁለቱ የየራሳቸው ሥራ አላቸው፦ ልብ ወለዱ ያስመኛል፣ ሰማዕቱ ያስተማምናል። አደጋው ያለው ወጣቱ ከጀግናው ሰይፉንና ተአምሩን ብቻ ተመኝቶ ምርጫውን በሳተ ጊዜ ነው፤ በዚህስ ከኖረውም ጀግና ቢሆን የሚያተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ ልጁ የሚወደውን ጀግና ሲተርክለት የሚሰማ አባት ወይም መምህር፣ ይህ ሰው ኖሯልን ከማለት አስቀድሞ፣ ሊወስድ ሲችል የተወው ምንድር ነው? ብሎ ይጠይቀው፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ጀግና፣ ባይኖርም እንኳ፣ ሊመስሉት የሚገባ ነው።