የሁለት ወገን ሙታን

በሳኦል ቤትና በዳዊት ቤት መካከል በረዘመው ጦርነት መጀመሪያ፣ በገባዖን ከዳዊት ሰዎች ከአሣሄል ሌላ 19፣ ከአበኔር ወገን 360 እንደ ወደቁ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ተጽፏል። ጸሓፊው የተሸናፊውንም ሙት ቈጠረ፤ በዚህም የ19ኙ ክብር አልጐደለም።

እንግዲህ ለጠላት ሙት ማዘን የወገንን ደም መካድ ነውን? በኤርትራ ምድር ከ1953 እስከ 1983 ዓ.ም. የቈየው ጦርነት ይህን ጥያቄ ከደጃችን አቁሞታል። ከታጋዮቹ ወገን 65,000 ያህል እንደ ሞቱ የአስመራ መንግሥት ይናገራል፤ በየዓመቱም ሰኔ 13 ቀን ይዘክራቸዋል። የተሸነፈው ጦር ወታደር ግን ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ ጊዜ መርዶውን የሚያደርስለት እንኳ አላገኘም። የሞተበትን ቀን የማታውቅ እናት ሣልስቱን፣ ሰባቱን፣ አርባውን ከየት ጀምራ ትቍጠር? ይህ ለካህን ቀላል ነገር አይደለም። ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹ ከአንድ ማሕፀነ ዮርዳኖስ የተወለዱ፣ በአንድ ግእዝ የሚፈቱ ነበሩና።

ዳዊት ሲያሳድደው ለኖረው ለሳኦል አለቀሰ፤ ልቅሶውንም የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። ይህን ሲያደርግ መንግሥቱን ለሳኦል ቤት አልመለሰም። የፍርዱ ነገር ሌላ፣ የልቅሶው ነገር ሌላ ነው። ማን በእውነት ተዋጋ፣ ማንስ ዐመፀ የሚለውን የሚመረምሩ ይመርምሩት፤ በፍትሐት ጊዜ ግን ካህኑ የሟቹን የክርስትና ስም እንጂ ሰንደቅ ዓላማውን አይጠይቅም። ቀኑ የጠፋባት እናት ወደ ደጀ ሰላም ብትመጣም፣ የልጇን ስም ተቀብሎ ከመረብ ማዶ ከወደቁት ጋራ በጸሎት ማሰብ የካህኑ ፈንታ ነው።