ጥላና ገመና

በጓሮው አራት ባላ ተክሎ፣ በላዩ ርብራብ ረብርቦ፣ ሐረግ አልብሶ፣ ከፀሐይ የሚጠለልበትንና ከመንገደኛ ዓይን የሚከለልበትን ማረፊያ የሚሠራ ሰው በከተማዎቻችን እየበዛ ሄዷል። ጣልያኖች ይህን የመሰለውን ሥራ ፔርጎላ ይሉታል፤ እኛ ግን ከጥንት ጀምሮ ዳስ የምንለው ነገር ስላለን ስም መበደር አያስፈልገንም። ልዩነቱ ከስሙ ላይ ሳይሆን ከአሳቡ ላይ ነው። የአባቶቻችን ዳስ ለሠርግ፣ ለተዝካርና ለማኅበር የሚጣል፣ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ጉዳዩም ሲያልቅ የሚፈርስ ነበር። አሁን የምንናገርለት የጓሮ ዳስ ግን ሰው እንዳያይ ተብሎ የሚሠራና ከዓመት ዓመት የሚቆም ነው። አንዱ ሰውን ለመጥራት፣ ሁለተኛው ሰውን ለመከልከል የቆመ ይመስላል። ጥያቄያችንም ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም፥ ሰው ከጎረቤቱ ዓይን ራሱን መከለሉ ነውር ነውን? የሚል ነው።

አስቀድሞ ስለ ጥላው ጥቂት ልበል። በደባርቅ ጥላ መፈለግ ለሩቅ ሰው የሚያስቅ ነገር ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የጎንደር መንገድ ወደ ሊማሊሞ ገደል ከመውረዱ በፊት የምትገኝ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ቡቃያ ያቃጥላል። ሆኖም የደጋን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል። አየሩ ስስ ስለሆነ ጨረሯ ሳይጣራ ይወርዳል፤ ሰው እየበረደው ፊቱ ይጠቁራል፣ ከንፈሩም ይሰነጠቃል። ወደ ቤት ቢገባ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ደጅ ቢወጣ ይቃጠላል። ቆርቆሮ ቢያለብስ ደግሞ ሁለተኛ ቀዝቃዛ ቤት ሠራ ማለት ነው። ቅጠል የለበሰ ርብራብ ግን ፀሐይዋን ፈጽሞ አይከለክላትም፤ ሰባብሮ ያወርዳታል፣ ሙቀቷን አስቀርቶ ቍጣዋን ያበርዳል።

ሐረጉም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በየአጥሩ ነጭ አበባ የሚያብበው፣ ፍሬውንም እረኛ የሚለቅመው ቀጋ አለ፤ እሾሁ ሌባን ይከለክላል፣ የባለቤቱንም ልብስ ይቀዳል። የአዞ ሐረግም አለ፤ ይህን ሐረግ የዕፀዋት ሊቃውንት ክሌማቲስ ሲሜንሲስ፣ ማለት የስሜኑ ሐረግ ብለው በአገራችን ስም ጠርተውታል። ቀይ ቀበሮንም በዚሁ ስም መጥራታቸውን ብዙዎቻችን ሳናውቅ እንኖራለን። ነገር ግን የአዞ ሐረግ ፈሳሹ ቆዳ የሚልጥ ነውና ከሕፃናት እጅ በላይ ከፍ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ ይገባል። ለባላው ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ጥድና ወይራ ይበልጥ ቢጸኑም ከተፈጥሮ ደን የቀሩት ጥቂት ስለሆኑ ለጓሮ መዝናኛ ተብሎ መቈረጣቸውን ኅሊና አይቀበለውም። ከመሬት የሚገባው ጫፍ በእሳት ተለብልቦ ወይም የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ ቢተከል ዕድሜው ይረዝማል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ይህ ነገር ሲነሣ፣ አንዱ ወገን ‹‹ንጹሕ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም፤ ከጎረቤቱ የሚሰወር ወይ ስስታም ነው ወይ ነገረኛ›› ይላል። ይህ አነጋገር ደፋርና ቀና ይመስላል። ነገር ግን ሲመረምሩት፣ ገመናንና ጥፋትን አንድ አድርጎ የሚቈጥር የተሳሳተ አሳብ ሆኖ ይገኛል።

ገመና ማለት የቤት ሰው የሚያውቀው፣ የውጭ ሰው ቢያየው ግን ባለቤቱን የሚያሳንሰው ነገር ነው። የታመሙ አባት ገላ ሲታጠብ፣ ያረጀ ፍራሽ ሲሰጣ፣ ባልና ሚስት በወር ደመወዝ ሲከራከሩ፣ ሌማቱ ባዶ ሲሆን፤ ከእነዚህ ውስጥ በደል የሚባል አንድም የለም፤ ሁሉም ግን መጋረጃ ይፈልጋሉ። ‹‹ገመናዬን ሸፍንልኝ›› ብሎ የሚጸልይ ሰው ‹‹ወንጀሌን ደብቅልኝ›› ማለቱ እንዳልሆነ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል።

ገመና የሚወለደውም ሰው ከሰው ጋር ሲቀራረብ ብቻ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጨነቅ የሚሄድ ሰው 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ ጅብራ ከቆመበት ሜዳና ዋልያ ከሚመላለስበት ገደል በቀር የሚያየው ነገር የለም። በዚያ በግ የሚጠብቅ እረኛ ቆሎውን ሲቆረጥም የሚመለከተው ጭላዳ ነው፤ ከጭላዳ ዓይን የሚሸሽ ሰው የለም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ክልል ወጥተው ወደ ደባርቅ ሲመጡ፣ ከሰፊ ሜዳ ወደ ተለካ የከተማ ቦታ መግባታቸው ነበር። በሜዳ ላይ ርቀቱ ራሱ አጥር ነው። በከተማ ግን ርቀት ስለሌለ ያን አጥር ሰው በእጁ መሥራት አለበት። እንዲህ ከሆነ የጓሮው ዳስ፣ ከተማ የነሣንን ርቀት የምንተካበት መንገድ እንጂ የትዕቢት ምልክት አይደለም።

ከዚህም በላይ አንድ የራሳችንን ልማድ እንመልከት። በእኛ ዘንድ የሚበላ ሰው፣ ያየውን ሰው ‹‹እንብላ›› ማለት ግዴታው ነው። ይህ ከመልካም ልማዶቻችን አንዱ ነው፤ እንዲጠፋም አልመኝም። ነገር ግን ይህ ልማድ በማን ላይ እንደሚከብድ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ሞልቶ የተረፈው ሰው በአደባባይ ቢበላ ‹‹እንብላ›› ማለቱ ክብር ይጨምርለታል። ለአምስት ልጆች ሁለት እንጀራ የዘረጋች እናት ግን መንገደኛ ሁሉ በሚያያት አጥር ውስጥ ስትቀመጥ ከሁለት አንድ ታጣለች፤ ብትጋብዝ የልጆቿን ድርሻ፣ ዝም ብትል ስሟን። እንግዲህ ይህች ሴት በሐረግ ብትከለል ስስታም ተብላ ልትነቀፍ ይገባታልን? እኔስ የተከለለችው ልግስናዋን ላለማጣት ነው እላለሁ።

ወደ ታሪካችንም ብንመለስ፣ መከለል ነውር ሆኖ አያውቅም፤ የሹመት ዕድል ነበር እንጂ። በቀደመው ዘመን በቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ የሚመገቡት በመጋረጃ ተጋርደው ነበር፤ መኳንንቱም ሲጠጡ አሽከር በሸማ ይጋርዳቸው ነበር። ታላቁ ሰው እልፍኝና ጓዳ፣ ከጓዳውም በስተ ኋላ ሌላ ጓዳ ነበረው። ድኻው ግን ከብቱም፣ ልጁም፣ እንግዳውም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩበት ነበር። ‹‹ንጹሕ ሰው መጋረጃ አይሻም›› የሚለው ስብከት ከወፍራም ግድግዳ ኋላ ለሚኖር ሰው ቀላል ነው፤ የሚከፍለው ዋጋ የለምና። የግሪኩ ፈላስፋ ዲዮጋን በአቴና በጋን ውስጥ ይኖር፣ በገበያም መካከል በሰው ፊት ይበላ እንደነበረ ይተረካል። ይህን ሰው ሲያደንቁት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ዲዮጋን ወድዶ የመረጠው ነው፤ ደግሞም የሚድራት ሴት ልጅ አልነበረችውም።

ሳይመርጡ ያለ መጋረጃ የቀሩትንስ እኛ ከቅርብ አይተናቸዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት አጠገብ በደረሰ ጊዜ፣ ከአዲ አርቃይና ከሌሎችም ቦታዎች የተፈናቀለው ሕዝብ በደባርቅ በትምህርት ቤቶችና በየዘመዱ ቤት ተጠልሎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ የወጡ የኤርትራ ስደተኞች በዳባት አቅራቢያ በአለምዋጭ በድንኳን እንዲሰፍሩ ተደርጓል። በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ሲያድር፣ ከእህልና ከብርድ ልብስ ቀጥሎ ሰው የሚፈልገው ነገር ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በሁለት ምስማር መካከል ገመድ ወጥሮ ነጠላ መጣል ነው። ያን ነጠላ የምትጥል ሴት ምን የምትደብቀው ንብረት አላት? ሁሉንም ትታ መጥታለች። የቀራትን አንድ ነገር፣ ሰው መሆኗን፣ ትጠብቃለች እንጂ።

ስለዚህ የዓለም ሕግም የአገርም ሕግ ይህን ነገር ችላ አላሉትም። ኢትዮጵያ ድምፅ የሰጠችበት የ1941 ዓ.ም. የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ12ኛው አንቀጽ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በ26ኛው አንቀጽ የሰውን የግል ሕይወትና መኖሪያ ከመደፈር ይጠብቃሉ። በሌላ በኩል ግን በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ ንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከልክ በላይ በጢስ፣ በጥላሸት፣ በሽታና በጩኸት እንዳያስቸግር ያዝዛል። አንዱ ሕግ ለአጥሩ ውስጥ፣ ሁለተኛው ከአጥሩ ለሚያልፈው ነገር የቆመ ነው።

ከአጥር ከሚያልፉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ጥላ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። በእኛ አገር ፀሐይ ሀብት ናት። ብቅል የሚሰጣው፣ ጌሾ የሚደርቀው፣ የገብስ እሸት የሚጠወልገው፣ የሽማግሌ ጉልበት የሚሞቀው በእርሷ ነው። ደባርቅ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን የ3 ሜትር ዳስ ወደ ሰሜን ከ2 ሜትር የሚበልጥ ጥላ ይጥላል፤ በማለዳማ እጅግ ይረዝማል። በሰኔ ግን ፀሐይዋ ራሷ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ተገልብጦ ወደ ደቡብ ግማሽ ሜትር ያህል ይወድቃል። ስለዚህ ዳሱን በሰሜኑ አጥር ጥግ የሚያቆም ሰው ክረምቱን አይቶ ‹‹ማንንም አልጐዳሁም›› ይላል፤ ብርዱ ሲመጣ ግን የጎረቤቱን የብቅል ማስጫ ወስዶ ይገኛል። ጠላ ሸጣ ለምትኖር ሴት ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከሰሜኑ አጥር 3 ሜትር ፈቀቅ ማለት ምንም አያስወጣም።

ሁለተኛው አደጋ ከጥላ ይልቅ ረቂቅ ነው። ራሱን የከለለ ሰው በቅጠሉ ሽንቁር ሌላውን ማየት ይችላል። አለመታየት መብት ነው ብለናል፤ ሳይታዩ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ነቢዩ ዮናስ ከነነዌ ከተማ በስተ ምሥራቅ ለራሱ ዳስ ሠርቶ፣ በከተማይቱ የሚደርሰውን ለማየት ተቀምጦ ነበር፤ ቅሏም በላዩ ስታድግ እጅግ ደስ አለው። በማግሥቱ ትል ቅሏን ሲመታት እስከ ሞት ተቈጣ፤ ብዙ ሺህ ሰው ያለባት ከተማ መትረፏ ግን አሳዝኖት ነበር። በእርግጥ በደባርቅ ቅል አይጸድቅም፤ ውርጭ ይገድለዋል። የዮናስ አቀማመጥ ግን በየትኛውም ሐረግ ሥር ይቻላል፤ ከጥላው ሆኖ የጎረቤቱን ነገር እየጠበቀ ቡናውን የሚጠጣ ሰው አለና።

ሦስተኛውንና ከሁሉ የሚከብደውን ሳልናገር ባልፍ ክርክሬ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ገመና በሚባለው መጋረጃ ኋላ ስንት ግፍ እንደሚፈጸም የታወቀ ነው። ሚስት ስትደበደብ፣ የሙት ልጅ ሲራብ፣ የቤት ሠራተኛ ስትበደል፣ ‹‹የቤት ገመና ነው፣ አትግቡ›› ይባላል። የጎረቤት ዓይን አስቸጋሪ ቢሆንም ለደካማ ዘብ ነው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል እንዴት እንለይ? እኔ ለራሴ ያደረግሁት መለያ ይህ ነው። መጋረጃው ድንገት ቢወድቅ የሚሆነውን አስባለሁ። የሚያፍር ሰው ብቻ የሚገኝ ከሆነ ያ ገመና ነው፤ መጋረጃው ይመለስለት። የሚድን ሰው የሚገኝ ከሆነ ግን ያ ገመና አይደለም፤ እንዲያ ያለውን መጋረጃ ጎረቤት ቢቀድደው አልነቅፈውም። ይህ መለያ ሁሉን ነገር ይፈታል አልልም፤ የሚያፍረውና የሚድነው ሰው አንድ የሚሆንበት ጊዜ አለና፣ ያን ጊዜ መጋረጃውን ማንሣት ያለበት እጅ በጣም የለሰለሰ ሊሆን ይገባዋል።

በዚህ ምክንያት የጓሮ ዳስ ሲሠራ አራቱንም ጎን መድፈን አይመከርም። አባቶቻችን አጥር ሲያጥሩ በጎረቤት በኩል ሽንቁር ይተዉ ነበር፤ ማታ እሳት ሲጠፋ ፍም የሚቀባበሉት፣ ሌሊት ምጥ ሲመጣ የሚጣሩት በዚያ ነው። ዛሬ እሳት የሚጭር ሰው ባይኖርም፣ ምጥና ድንገተኛ ሕመም አልቀሩም። ለመንገዱ ጎን ሐረጉ ይጠቅጠቅ፤ በጎረቤት በኩል ግን ድምፅ የሚያልፍበት፣ ሰውም ጎንበስ ብሎ የሚሾልክበት ቦታ ይቅር።

ደግሞም ዳስ ለብቻ አይቆምም። አንዱ ባላውን ቀጥ አድርጎ ካልያዘ ሁለተኛው አፈሩን ሊጠቀጥቅ አይችልም፤ ረጅሙን ማገር ለማውጣትም ሁለት ትከሻ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚጠራው የቅርብ ሰው ያው ጎረቤት ነው። ርብራቡ አልቆ ሐረጉ ከሥሩ ሲተከል ቁመቱ ከስንዝር አይበልጥም፤ ወጥቶ ጣሪያውን እስኪያለብስ ድረስ ክረምት እየተፈራረቀ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ባለ ዳሱ በባዶ ርብራብ ሥር ይቀመጣል፤ ጎረቤትየውም ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ ‹‹እንዴት አደሩ፣ ሐረጉስ ያዘልዎት?›› ይለዋል።