በጎን ያለው ባልደረባ



በአረጋውያን መርጃ ቤት አልጋቸው ጎን ለጎን የሆነ ሁለት አባቶች አሉ እንበል። የአንዱ ዓይን ደክሟል፣ ሌላውን እግሩ ከድቶታል። ዓይኑ የደከመው ለጓደኛው የውዱእ ውኃ ያመጣለታል፤ እግሩ የከዳው ደግሞ የጓደኛውን መድኃኒት እያየ ይለይለታል። ሌሊት አንዱ ሲያስል ሌላው ነቅቶ «አለህ ወይ?» ይለዋል። ዘመድ አይደሉም። ታዲያ በመካከላቸው ያለው ደግነት ብቻ ነው ወይስ ሐቅ?

ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 36ን እናስታውስ። አላህን በብቸኝነት ከመገዛት ይጀምርና በጎ ልንውልላቸው የሚገቡንን ይዘረዝራል፦ ወላጆች፣ ዘመዶች፣ የቲሞች፣ ሚስኪኖች፣ የቅርብና የሩቅ ጎረቤት፤ ቀጥሎም «አስ-ሷሒቡ ቢል-ጀንብ»፣ በጎን ያለው ባልደረባ። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ የጉዞ ጓደኛ ነው ብለዋል፣ ሌሎች ደግሞ የትዳር ጓደኛ ነው ብለዋል። ሁለቱንም የሚያገናኘው ቅርበት ነው። አልጋው ከአልጋህ አንድ ክንድ የራቀ ሰው በጎንህ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ስለዚህ ሐቅ ነው። እምነቱ ከእምነትህ ቢለይም ጎረቤትነቱ አይቀርም።

«ራሱ የሚረዳ ሰው ምን ይሰጣል?» የሚል ይኖራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን በየቀኑ በየመገጣጠሚያችን ሰደቃ እንዳለብን ሲያስተምሩ፣ ሰውን እንስሳው ላይ እንዲወጣ ማገዝንና መልካም ንግግርን ከሰደቃ ቆጥረዋል። ኪስ አልጠየቁም። አዲስ አበባ ያለው የመቄዶንያ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። ይህ ቃል ለጎብኚው ብቻ ሳይሆን አልጋ ላይ ላለውም ነው። እኛ ተረጂ ብቻ አድርገን የምናየው አዛውንት፣ አላህ ዘንድ ሰጪ ሆኖ ይጻፍ ይሆናል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። «አባባ እዚያ ጓደኛ አግኝተዋል፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ እግሩን የሚያሳጥር ልጅ አለ። በዚያው አንቀጽ ወላጆች ከአላህ መብት ቀጥለው እንደተጠቀሱ ልብ በሉ። ባልደረባው የራሱን ዕዳ ከፈለ፤ ያንተን አልከፈለልህም። ዓረብ አገር ሆነህ መምጣት ባትችል እንኳ ስልኩ እጅህ ላይ ነው።

ደግሞም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአባትን ወዳጆች መንከባከብ ለወላጅ ከሚደረግ በጎነት በላጩ መሆኑን አስተምረዋል። ስለዚህ ከአባትህ ጎን የተኛው አዛውንት አሁን ያንተም አደራ ነው። ስትሄድ ለሁለት ሰው ይዘህ ሂድ። ስሙን እወቅ። ስትደውል «ጓደኛዎ እንዴት ናቸው?» በል። አባትህ ቀድመው ወደ አኸይራ ከሄዱ ደግሞ፣ ያንን መንገድ አታቋርጠው። ሌሊት ሲያስል «አለህ ወይ?» የሚለውን ያጣ አንድ ሰው እዚያ ቀርቷልና።

አላህ ሐቅን ከሚያደርሱት ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!