የፋሲል ግንብና የወንዙ ውሃ

የኮሮና በሽታ ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ከልጄ ልጅ ጋር ጎንደር ሄጄ የፋሲልን ግንብ እንደ ቱሪስት ጎበኘሁ። ጓደኞቿ ከሠራዊት ሲወጡ ሕንድ ሄዱ፣ ደቡብ አሜሪካ ሄዱ፤ እሷ ግን «ሳባ፣ አንተ የተወለድክበትን አገር አሳየኝ» አለችኝ። («አንተ» ማለቷን አትዩባት፤ ዕብራይስጥ አንቱታ አያውቅም፣ እናንተም ያው ናችሁ።)

በልጅነቴ ግንቡን የማውቀው ከውጭ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ከደምቢያ ማረሻና ማጭድ ሊሸጥ ወደ ጎንደር ሲወጣ አህያውን እየነዳሁ እከተለው ነበር። በቅጥሩ ጥግ ስናልፍ ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና «ይህ የአባቶችህ እጅ ነው» ይለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለምን ዝቅ እንደሚያደርግ አልጠይቀውም፤ አውቀዋለሁ። በዚያ አገር ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባል ነበር። እጃችን አበላን እንጂ ጮክ ብለን የምንናገርለት ነገር አልነበረም።

አሁን ግን በበሩ ገባሁ። ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ አማርኛዬን ሰምታ «እንኳን ደህና መጡ አባቴ» አለችኝ፤ ፓስፖርቴን ስታይ ደግሞ በውጭ ዜጋ ዋጋ አስከፈለችኝ። ሕጉ ነው፣ አልተከራከርኩም። የልጄ ልጅ ሳቀች። «አባቶችህ ሠርተውት አንተ ትከፍላለህ?»

አስጎብኚው ጨዋ ልጅ ነበር። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እንደቆረቆሩ፣ ቅጥሩ 900 ሜትር እንደሚሆን፣ በ1979 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት እንደመዘገበው ነገረን። የኢያሱን ቤተ መንግሥት አሳይቶ ጣሊያን ተቀምጦበት ሳለ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላን እንደደበደበው አወራን። ግንበኛውን በተመለከተ ፖርቱጋሎች የሚሉ አሉ፣ ሕንዶች የሚሉ አሉ አለ። እኔ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ «ድንጋዩን የጠረቡትስ?» ብለው «አዎ አባቴ፣ ቤተ እስራኤሎችም እንደሠሩ ይነገራል» አለ። «ም» የምትለው ፊደል ትንሽ ከነከነችኝ።

በእርግጥ ለምን ከነከነችኝ? ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ብለው እንዳወጁ ከአባቶቻችን ሰምተናል። መሬት የሌለው ሰው የቀረው እጁ ነው፤ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ድንጋይ ጠረበ። ከዚያ በ1620ዎቹ ዐፄ ሱስንዮስ ሰሜን ተራራ ላይ የነበረውን የወገኖቻችንን ኃይል ሰበሩ፣ መሪያችን ጌዴዎንም ሞተ። ፋሲል የሱስንዮስ ልጅ ናቸው። አባት ፈጀን፣ ልጅ ደግሞ ግንብ ሥሩልኝ አለ። ታዲያ የዚህ ቤት ግድግዳ ለእኔ የኩራት ነገር ነው ወይስ የሐዘን?

ልጅ ሳለሁ ኦሪትን ያስተማሩኝ ቄስ በግዕዝ ያስቀጽሉንና በአማርኛ ይፈቱልን ነበር። እስራኤል ለፈርዖን ፊቶምንና ራምሴን እንደሠሩ ሲፈቱልን አንዱ ልጅ «ከተሞቹ ያምሩ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። በአለንጋ መቱት። በፋሲካ የምንቆጥረው የወጣንበትን ነው፣ የሠራነውን ጡብ አይደለም። ለብዙ ዓመት መልሱ ያ አለንጋ ነው ብዬ ኖሬያለሁ።

ግን ጎንደር ግብፅ አልነበረችም፤ ሐቁን መናገር ይገባል። የታሪክ ሰዎች እንደሚጽፉት የግንበኞቻችን አለቆች አዝማች፣ በጅሮንድ የሚል ማዕረግ አግኝተዋል፣ መሬትም የተሰጣቸው ነበሩ። ካይላ ሜዳ የሚባል ሰፈር ነበራቸው። ንጉሡ ይፈልጋቸው ነበር፣ ጎረቤቱ ይፈራቸው ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ቢጠይቀኝ አልመታውም። ያምራል እለዋለሁ። የግንቡን ማዕዘን በጣቴ ስዳስሰው አንድም ቦታ አልተንጋደደም። ለማንም ይሁን፣ ሲሠራ አላጭበረበረም፤ እኔም በእሱ እኮራለሁ፣ በንጉሡ አይደለም። እዚህ ላይ ልቤ አርፎ ነበር።

ሰገነቱ ላይ ወጣን። ግንቡ ያለው ጉብታ ላይ ነው፤ በአንድ ወገን አንገረብ፣ በሌላው ቀሃ ይወርዳል። እኔ ኖራ እንዴት እንደሚቦካ፣ በውሃ ተለውሶ ድንጋይን ከድንጋይ እንዴት እንደሚያጣብቅ ሳስረዳት ልጅቷ ወንዙን ቁልቁል አየችና «ሳባ፣ ውሃውን ወደዚህ ማን ተሸከመው?» አለችኝ።

እኔ እኮ ስለ ድንጋዩ ነው ሳስብ የኖርኩት።

«ሴቶች ይሆናሉ» አልኳት። ከዚያ አፌ ተያዘ። በእኛ ቤት ውሃ ከወንዝ የምትቀዳ አንዲት ሴት ነበረች። አያቴ በገንዘብ የገዛት ናት። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1942 ነው፣ እኔ ከመወለዴ በፊት፤ እሷ ግን የት ትሂድ? ሰንበት ታከብራለች፣ እንደ እኛ ትጾማለች፤ ሆኖም መስጊዱን አትገባም፣ ስትሞትም ከዘመዶቻችን ተለይታ ተቀበረች። የፈጨችውን በልቼ አድጌያለሁ። ከአባቴ ጋር ድንጋዩን ስንነካ የሸተትነው ሁለታችንም እሷ የቀዳችው ውሃ ያጠበውን ልብስ ለብሰን ነው።

ይህን ነገር እዚህ አገርም ይዘነው እንደመጣን ታውቃላችሁ፤ ታውቃላችሁ ግን አትናገሩትም፣ ከእኛ ተምራችሁ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው እንላችኋለን፤ እውነት ነው። ግን በዚያው መቁጠር ውስጥ ሌላም ነገር እንቆጥራለን። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ የልጁን ዘር አጠናሁና ለልጅቷ አባት አንድ ቃል ብቻ ነገርኩት። ጋብቻው ቀረ። ልጁ መሐንዲስ ነበር። ልጅቷ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልሰማችም፤ ይህን ካነበበች አሁን ትስማ፣ ተናጋሪው እኔ ነኝ።

አስጎብኚውን በአንዲት «ም» የተቀየምኩት እኔው ነኝ እንግዲህ። እሱስ ቢያንስ «ይነገራል» ብሏል። በእኛ ቤት ስለዚያች ሴት የሚነገር ነገር አልነበረም።

ይህን ሁሉ እዚያው ሰገነት ላይ ለልጄ ልጅ ነገርኳት። ግማሹን በአማርኛ፣ ስትጨነቅ ግማሹን በተሰባበረ ዕብራይስጤ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም፣ ብዙ ጊዜ ወንዙን አየች። አስጎብኚው ሰዓት ደረሰ ብሎ ከታች ይጠራን ጀመር።

ደረጃውን እጄን ይዛ ስታወርደኝ «ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ቤታችን የምንጠራትን ስም። «የአባቷስ?» አለችኝ። እኔ የመንደራችንን ሰው ሁሉ እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ፣ አሁንም ሰዎች ከሐይፋም ከአሽዶድም ደውለው ይጠይቁኛል። የእሷን አባት ስም አላውቀውም።