ወደ ነበሩበት መመለስ

ሰቆጣ ላይ መብራት ሲቆራረጥ የኮምፒውተር አፕዴት መሃል ላይ ይቀራል። የቤቴ ዊንዶውስ 10ም እንዲሁ ሆነ። መብራቱ ሲመጣ ስክሪኑ ለውጦቹን እየሻረ መሆኑን ጻፈ፤ ነጫጭ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው ይዞራሉ። እዚህ ላይ ማጥፋት የባሰ ስለሆነ ጠበቅሁ። የትናንቱ ዊንዶውስ ተመልሶ ተከፈተ፤ የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ፎቶዎቼም አልጠፉም።

ያኔ ንስሐን አሰብሁ። ይቅርታ ማለት ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ትናንት መመለስ ነው? የንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብ ብዙዎቻችን የምንመኘው ይህንኑ ነው። እኔ ግን አይመስለኝም። ማሽኑ እንኳ የከሸፈውን አፕዴት ከነቀኑ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ የተመለሰውም የደኅንነት ቀዳዳው ያልተደፈነው አሮጌው ነው። ዳዊት ተጸጽቶ ይቅር ተባለ፤ ያስገደለው ኦርዮ ግን ከመቃብር አልተነሣም። ጴጥሮስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሲክድ ፍም እሳት ይሞቅ ነበር። በምዕራፍ 21 ጌታ የተቀበለው ያው ፍም በነደደበት ነው፤ ሦስቴ ለካደው ይወደው እንደሆነ ሦስቴ ጠየቀው። ክህደቱ ሳይፋቅ የበጎቹ አደራ ተሰጠው።

የሰሜኑን ጦርነት ካስቆመው ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ በእኛው ዋግም እንደ ድሯችን እንሁን የሚል ሰው እሰማለሁ። ምኞቱ ይገባኛል። ልጇን የቀበረች እናት ግን ወደ ድሮ የምትመለስበት መንገድ የላትም። ሽማግሌዎች ደጇ ሲደርሱ አስቀድመው ሊጠይቋት የሚገባው ምን እንደደረሰባት ነው፤ የዕርቁ ነገር ከዚያ በኋላ ይነሣል።