አብሲት

እናቴ ማንጎና ብርቱካን ለመሸጥ ከመርሳ ወልድያ በመጣች ቁጥር እኔ ጋ ታድር ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ደግሞ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ክረምት፣ ተማሪ በሌለበት ቀን፣ ከሊጧ ላይ የጠለለውን ቢጫ እርሾ በብልቃጥ ይዤ እሷን አስከትዬ ቤተ ሙከራ ገባሁ። አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጌ 400 ጊዜ በሚያጎላው ማይክሮስኮፕ አሳየኋት። አንድ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ብዙ ቆየች።

«ጤፍ ይመስላል» አለች። «ይኼኛው ግን ጎኑ ላይ ጉብ ያለ ነገር አለው።»

ጉብ ያለው ልጁ ነበር። የእርሾ ህዋስ የሚራባው እንደዚያ ነው፤ ጎኗ ላይ እምቡጥ ይወጣል፣ የዘር መመሪያዋ ቅጂ ወደ እምቡጡ ይገባል፣ ከዚያ ተገንጥሎ ራሱን ይችላል። ሊጡን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ከእነሱም ያነሱ ናቸው። 200 ያህል የእርሾ ህዋሶች ቢደረደሩ ነው አንድ ሚሊ ሜትር የሚሞሉት። እያንዳንዷ ግን ሙሉ ቤት ናት። ዙሪያዋን ስስ የስብ ሽፋን ከቧታል፤ አስኳሏ ውስጥ ዲኤንኤ አለ፤ ራይቦዞሞች የመመሪያውን ቅጂ እያነበቡ ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ማይቶኮንድሪያዎች ከምግቡ ጉልበት ያወጣሉ። ይህንን ለእናቴ አጥሩ፣ ሙዳዩ፣ ማጀቱ፣ ምድጃው እያልኩ ነገርኳት።

ሰምታ ስትጨርስ «ነፍሷስ የቱ ጋ ናት?» አለችኝ።

«ይህ የሃይማኖት ጥያቄ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አላስቻለኝም። ህዋሷን ብትበታትኗት አንዱም ክፍል ለብቻው ሕያው አይደለም። ስቡ ስብ ነው። ዲኤንኤም ተለይቶ ብልቃጥ ውስጥ ሲቀመጥ ዝም ያለ ነጭ ክር ነው። ታዲያ ሕይወት የምንለው ምኑ ነው?

ጥያቄው በደንብ የገባኝ በማግሥቱ አብሲት ስትጥል አጠገቧ ቆሜ ነው። ከቦካው ሊጥ ላይ ውሃውን ቀነሰች፣ በጭልፋ ጥቂት ሊጥ አውጥታ የፈላ ውሃ ላይ ጨመረችና ታማስለው ጀመር። አብሲት ውስጥ የገባ እርሾ ይሞታል። ግን ከድስቱ ምን ወጣ? ስቡ አለ፣ ፕሮቲኑ አለ፣ የዘር መመሪያውም አለ። በእንፋሎት ከሄደው በቀር ሚዛን ላይ የሚጎድል ነገር የለም። ሙቀቱ የወሰደው ቅርጽንና መግባባትን ነው፤ ፕሮቲኖቹ ከታጠፉበት ተፈቱ፣ ሽፋኑ ተቀደደ፣ ውስጥና ውጭ ተቀላቀለ።

ውስጥን ከውጭ ለይቶ መያዝ ለህዋስ የዘወትር ድካም ነው። በእኛ ሰውነት፣ ሽፋኑ ላይ ያለች አንዲት ፕሮቲን ሦስት ሶዲየም ባስወጣች ቁጥር ሁለት ፖታሲየም ታስገባለች፤ ለዚህም ጉልበት ትከፍላለች። ተኝተንም ቅዳሴ ቆመንም ይኼ ሥራ አያርፍም። ካረፈ ሶዲየሙም ውሃውም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ህዋሷ አብጣ ትፈርሳለች።

ይህን ስነግራት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የሰማችውን አነሳች። ሰው ሥጋው ከአራት ባሕርያት ነው፤ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃ፣ ከመሬት። «ጠበኞች እኮ ናቸው፤ እሳትና ውሃ መቼ ይስማማሉ? አምላክ ነው ያስታረቃቸው። በይኛ አብሲቱ ላይ እርቁ ፈረሰ።»

አራቱ ባሕርያት የኬሚስትሪ ሠንጠረዥ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ግን ስለ ህዋስ ከዚህ የተሻለ ቃል ከመጽሐፎቼ አላገኘሁም። ወሎ ውስጥ እርቅ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ በእጅ የሚያዝ ዕቃ አይደለም፣ ሽማግሌ ተቀምጦበት፣ ከዚያ በኋላም በየዕለቱ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሕይወትን ከህዋሷ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ መፈለግ ትቼ ክፍሎቹን ያስማማቸውን እርቅ ማየት ጀመርኩ። ለተማሪዎቼም እንዲያ አልኳቸው።

እማዬ በ2010 ዓ.ም. አረፈች። ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ። ቤቱ በሙሉ ነፍሷ ወጣች ብሎ ሲያለቅስ፣ እኔ እጇን ይዤ አንድ ነገር አውቅ ነበር፦ ልቧ ቢቆምም የቆዳዋ ህዋሶች ገና ለሰዓታት በሕይወት ይኖራሉ። እርቁ ጣቶቿ ላይ አልፈረሰም። እሷ ግን የለችም። ያ የምወደው መልስ እዚያ አልጋ ላይ አነሰብኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ለሰው ነፍስ ሦስት ባሕርያት ትሰጣለች፤ ሕያዊት፣ ነባቢት፣ ለባዊት። እርሾዋ ውስጥ ያየሁት ሕያውነትን ብቻ ነበር። «ልጄ» ብላ የምትጠራኝን፣ የምታስበውን፣ ያንን ጥያቄ የጠየቀችውን በየትኛውም ህዋስ ውስጥ አላየሁም፤ ፈጣሪ ዘንድ እንዳለች አምናለሁ፣ ይህን እምነት ከማይክሮስኮፕ አላገኘሁትም፣ ማይክሮስኮፕም አልነጠቀኝም።

ሥጋዋን በተመለከተ ግን የማውቀው አለ። ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 ህዋስ ሁሉ ከህዋስ እንደሚወጣ ጽፏል። በአንዱ ቤት እሳት ሲጠፋ ከጎረቤት እንደሚጫረው ማለት ነው፤ ፍም እንጂ ክብሪት የለም። እኔ የተገኘሁባት የእንቁላል ህዋስ እናቴ ውስጥ የበቀለችው እናቴ ራሷ በአያቴ ማሕፀን ሳለች ነው። ማይቶኮንድሪያዎቼም የእሷ ናቸው፤ ምድጃዬን ያወረሰችኝ እሷ ናት።

በ2013 ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ሲደርስብን የእማዬን ቤት ጥለን ወጣን። በ2014 ታኅሣሥ መርሳ ስመለስ የእማዬ ቡሃቃ የለም፤ እርሾዋም አብሮ ሄዷል። ከሁሉ በላይ ለእርሾዋ አለቀስኩ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ሰማች። ሥጋ ተለያይተን እንበላለን እንጂ እርሾ ተዋውሰን ነው የኖርነው፤ እናቴ ድሮ የሰጠቻትን እርሾ ጊራና ለተዳረች ልጇ አካፍላት ኖሮ፣ ልጅቱ እዚያው ሆና ስትጋግር ከርማለች። በሳምንቱ በጆግ አመጣችልኝ። «እንቺ፣ የእናትሽ ነው» አለችኝ።

አቦካሁበት። በሦስተኛው ቀን ሊጡ ላይ ውሃው ጠለለ፣ አረፋውም ተነሣ። ድስቱን ጣድኩ፣ ውሃው ፈላ። አንድ ጭልፋ ሊጥ ይዤ እንፋሎቱ ላይ ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ ጨመርኩት።