የፓርኬው ትራፊ የማን ነው?

እናቴ የጀሞው ኮንዶሚኒየም ሲደርሳት ወለሉ እንደማንኛውም ሰው ቤት ሊሾ ነበር። ምንጣፍ አንጥፈንበት ዓመታት ኖርን። ባለፈው ዓመት የእኔም ደመወዝ ትንሽ ከፍ ስላለ «በቃ ወለሉን እናሠራው» ተባባልን። የእማዬ ልብ ያለው ልጅ ሆና ጎረቤት ቤት ያየችው የዋንዛ ወለል ላይ ነው። ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ እኛን ግን ከዋንዛ የከለከለን ዋጋው ነው። ላሚኔት ገዛን። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ፓርኬ ስለሚባል እኔም ፓርኬ እላለሁ።

ሂሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሳሎኑና ሁለቱ መኝታ ቤቶች 38 ካሬ ናቸው። ሲቆረጥ ለሚባክነው አሥር በመቶ ሲጨመርበት 41.8 ይሆናል፤ አንዱ ካርቶን 1.9 ካሬ ስለሚይዝ በትክክል 22 ካርቶን። ቁጥር እንዲህ ሲገጥምልኝ ደስ ይለኛል። ኮድ ነው የምጽፈው፤ ዲግሪዬ ግን የኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፣ ይህንንም እማዬ ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ፓርኬ የሚነጥፉት ሰውዬም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ዞኮሎው ተመትቶ ሥራው አለቀ። አንድ ያልተከፈተ ካርቶን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቁርጥራጩን ሰውዬው ማዳበሪያ ውስጥ ከተው፣ አፉን በሲባጎ አስረው በሩ ጋ አስቀምጠውታል። «ልውሰደው?» ብለው አልጠየቁም። መዶሻቸውን፣ መጋዛቸውን፣ ማዳበሪያውን እንደ አንድ ዕቃ ነው የሰበሰቡት።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ይፈለጋል» አልኳቸው።

«የቱ?»

«ቁርጥራጩ። ትንሽ የጌጥ መጋዝ አለችኝ፤ ለእሷ ነው።»

ማዳበሪያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እሺ ኢንጂነር» ብለው የመሣሪያ ቦርሳቸውን ብቻ አንጠልጥለው ወጡ። ሂሳባቸውን በተነጋገርነው መሠረት በካሬ ከፍያለሁ፤ አንድ ብር አላጎደልኩም።

እማዬ ከኩሽና ሆና ሰምታለች። «የሰውየውን ማዳበሪያ ቀማኸው?»

«እማዬ፣ የገዛነው እኛ ነን።»

«የገዛኸውማ ወለሉ ላይ ነው» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ስለ መጋዟ ትንሽ ልበል። ስክሮል ሶው ትባላለች፤ ከአገር ከሚወጣ ሰው በቴሌግራም ገዛኋት። እንደ ልብስ ስፌት መኪና አስቧት፦ በመርፌው ፈንታ ክር የምታህል ምላጭ ወደ ላይ ወደ ታች ትላለች፣ እናንተ እንጨቱን በእጃችሁ እያዞራችሁ ትመሩታላችሁ። መሃሉን መፈልፈል ስትፈልጉ በመሰርሰሪያ ትበሱና ምላጩን ፈትታችሁ በቀዳዳው አሳልፋችሁ መልሳችሁ ታስራላችሁ። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ላፈጠጠ ሰው መድኃኒት ነው። ላሚኔት ለዚህ ሥራ ምርጥ የሚባል አይደለም። ከጭረት የሚጠብቀው የላይኛው ሽፋን አልሙኒየም ኦክሳይድ አለበት፣ ብርጭቆ ወረቀት የሚሠራበት ማለት ነው፤ ምላጭ በላተኛ ነው። ላዩ ላይ ፕላስተር ካልለጠፋችሁበት ጠርዙ ይቃጠላል። ውስጡ የደቀቀ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ ስለሆነ ብናኙን ያለ ማስክ መማግ ጥሩ አይደለም፤ ውሃ ሲነካው ደግሞ ያብጣል። ይህቺን የመጨረሻዋን የተማርኩት ስድስት የብርጭቆ ማስቀመጫ ሠርቼ ለቢሮ ልጆች ካደልኩ በኋላ ነው። በሁለት ሳምንት እንደ ዳቦ ተነፉ።

ጀበናዎቹ ግን ቆንጆ ወጡ። ሰው ሲያደንቅልኝ «ከትራፊ እኮ ነው፣ ሊጣል ነበር» እላለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ እያልኩ መሃል ላይ አፌ ተያዘ። ሊጣል አልነበረም። በሲባጎ ታስሮ ነበር።

መጋዟን ያስተማሩኝ የዩቲዩብ ሰዎች ቪዲዮአቸውን የሚጀምሩት ትርፍ ፓርኬን ከቆሻሻ ገንዳ ስለማዳን እያወሩ ነው። እነሱ አገር እውነት ሊሆን ይችላል። እዚህ ቆራሌው በየጠዋቱ እየጮኸ ያልፋል። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል አንድ ሙሉ ተራ የሚኖረው ሌላው ሰው «አለቀለት» ባለው ዕቃ ነው። ቤት ሲፈርስ በሩና መስኮቱ ተነቅሎ ይሸጣል። እና አዲስ አበባ ላይ «ሊጣል ነበር» ስንል ብዙ ጊዜ ማለታችን «የሚወስደውን ሰው አላየሁትም» ነው። እኔ ደግሞ አይቼዋለሁ፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር።

ትርፍና ትራፊ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ነጋዴ እጅ ሲገባ ትርፍ ነው፣ ማዕድ ላይ ሲቀር ትራፊ ነው፣ ድሃ ሲለቅመው ትርፍራፊ ይሆናል። ወንድሞቹና እህቶቹ ሞተውበት የቀረ ልጅ ደግሞ ተረፈ ይባላል። ያው ግሥ ነው። ምን ብለን እንደምንጠራው የሚወስነው ማን እጅ ላይ እንደቀረ ነው። ፓርኬውንም ሰውዬው ሲወስዱት «ቁርጥራጭ»፣ እኔ ሳስቀረው «ማቴሪያል» ብዬዋለሁ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ያነበብኩት ራሴን ነፃ ለማውጣት ነበር። ጆን ሎክ ሰው ጉልበቱን ያፈሰሰበት ነገር የእሱ ይሆናል ይላል፤ ይህ ወደ ሰውዬው ያደላል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዝቅ ብሎ ግን አሽከሩ የቆረጠውንም ሣር የጌታው ንብረት ያደርገዋል። ሎክ ከእኔ ጎን ነው ማለት ነው። አሽከር የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን ድጋፉ ብዙም አላስደሰተኝም።

የባሰው የእንግሊዝ መርከብ ሠሪዎች ታሪክ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሡ መርከብ መሥሪያዎች የሚሠሩ አናጺዎች ሲወጡ ቁርጥራጭ እንጨት ይዘው የመሄድ ልማዳዊ መብት ነበራቸው፤ «ቺፕስ» ይሉታል። አለቆቹ ደህናውን እንጨት ሆን ብለው ያሳጥሩታል እያሉ ይከሷቸው ነበር። በመጨረሻ በ1801 እ.ኤ.አ. ልማዱ ቀርቶ በምትኩ ገንዘብ ተቆረጠላቸው። ይህንን ሳነብ «ይኸው!» አልኩ። ትራፊው የሠራተኛው ከሆነ ሠራተኛው ትራፊ ያመርታል፤ ሲስተም ለሚሠራ ሰው ይህ ጣፋጭ ክርክር ነው።

ከዚያ ወለሉን አየሁት። ሰውዬው የአንዱን መስመር መጨረሻ ሲቆርጡ የቀረችውን ቁራጭ አይጥሏትም፤ 30 ሴንቲ ከሞላች የሚቀጥለውን መስመር በእሷ ይጀምራሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ይህንን ሲያደርጉ እያየሁ አላየሁም። ያ ያልተከፈተ ካርቶን የተረፈው ለዚህ ነው። ትራፊ ማምረት ቢፈልጉማ ኖሮ ማዳበሪያው ሁለት ይሆን ነበር፣ ካርቶኑም አይኖርም። እኔ ካርቶኑን ለገዛሁበት ሱቅ መልሼ ገንዘቤን ተቀብያለሁ። እሳቸው በቆጠቡት ልክ የእኔ ትርፍ አደገ፣ የእሳቸው ማዳበሪያ ጎደለ። እሷንም ወሰድኩባቸው።

ሥራ ቦታ በየጊዜው የሚገጥመኝ ነገር አለ። 100 ብርን ለሦስት ሰው አካፍሉ፦ 33.33 ሦስት ጊዜ 99.99 ነው። አንድ ሳንቲም ትቀራለች። ያቺ ሳንቲም ለመጀመሪያው ሰው ትሁን፣ ለመጨረሻው ትሁን፣ ለድርጅቱ ትሁን፣ አንዱ ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት፤ ካልጻፈ ሂሳቡ አይዘጋም። እኔ ይህንን መስመር ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ብዙ ጊዜ ሳላስብ ለድርጅቱ ነው የምሰጣት።

ቃርሚያን የደነገጉት ሰዎች ግን አስበውበታል። በኦሪት ዘሌዋውያን ባለ እርሻው ዳር ዳሩን አጥርቶ እንዳያጭድ ታዟል። ይህ ከጠገቡ በኋላ የሚሰጥ ፍርፋሪ አይደለም፤ ማጭዱ ገና ሳይነሣ የሌላ ሰው ድርሻ ተለክቷል። ቦዔዝማ ከዚያ አልፎ ለሩት ሆን ብለው ከነዶው እንዲጥሉላት አጫጆቹን ያዛል። ባለ መሬቱ ራሱ «ትራፊ አምርቱ» ሲል የእንግሊዞቹ አለቆች ምን ይሉ ነበር?

በጥቅምት ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ያ ማዳበሪያ...»

«የቱ ማዳበሪያ?» ረስተውታል፤ ወይም የረሱ መስለው አቀለሉልኝ።

የሚኖሩት ሃና ማርያም አካባቢ ነው። የቀረውን ይዤ ሄድኩ። አንድ ክፍል ቤት ናት፤ ግማሹ ወለል ተነጥፏል። ጠቆር ያለ፣ ነጣ ያለ፣ ቀላ ያለ፤ ከስንት ሰው ቤት እንደመጣ እንጃ። የተለያየ ፓርኬ መቆላለፊያው ስለማይገጥም ጥርሱን እየላጉ በኮላ ነው ያያያዙት፤ መጋጠሚያው ግን የእኔን ምላጭ እንኳ አያስገባም። አልጋው ያለበት በኩል ገና ሊሾ ነው።

የካርቶኑን ገንዘብ ግማሽ ላወጣ ኪሴ ስገባ ሳቁብኝ። ሁሉንም ነገር፣ የመስመሩን አጀማመር፣ ቁጠባውን፣ ድርሻቸውን ላስረዳቸው ሞከርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ካርቶንማ የባለቤት ነው» አሉ። «የናትህ ነው። እኔ ካርቶን መቼ ጠየቅኩ?»

ማዳበሪያውን ዘረገፉና መለየት ጀመሩ። «ይሄ ይሆናል። ይሄም ይሆናል።» መሃላቸው የተፈለፈሉትን፣ የጀበና ቅርጽ የወጣባቸውን ለብቻ አደረጓቸው። ቡና ተፈላ፤ ጠጣን። ልወጣ ስነሣ የተፈለፈሉትን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ።

«እነዚህን ውሰድ ኢንጂነር» አሉ። «አንተ ነህ የቆረጥካቸው።»